የአንድ ፊርማ ዋጋ፦ ተማሪን ከክትባት ግዴታ ነፃ የሚያደርገው ሕግ ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ?

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቴክሳርካና የምትባል የአሜሪካ ከተማ አለች። ስሟ እንደሚናገረው ግማሿ ቴክሳስ፣ ግማሿ አርካንሳስ ውስጥ ነው። ሁለቱን ግዛቶች የሚለያቸው በከተማዋ መሐል የሚያልፍ አንድ ጎዳና ነው። ከጎዳናው ወዲህና ወዲያ ያሉ ነዋሪዎች አንድ ገበያ ይውላሉ፣ ይጋባሉ፣ ልጆቻቸውም አብረው ይጫወታሉ።

በ1970 አጋማሽ ከተማዋ ውስጥ ኩፍኝ ገባ። ወረርሽኙ እስከ 1971 መጀመሪያ ድረስ ቆይቶ ከ600 በላይ ሰዎችን አዳረሰ። የጤና ባለሙያዎች የታማሚዎቹን አድራሻ ሲመዘግቡ ግን አንድ የሚገርም ነገር አዩ። ከመቶ ታማሚ ከ95 የሚበልጠው የሚኖረው ከጎዳናው በቴክሳስ በኩል ነበር። በአርካንሳስ በኩል ጥቂቶች ታመው ነገሩ እዚያው ከሰመ።

ቫይረሱ ያው ነው፤ አየሩም ያው ነው። የተለየው ሕጉ ነበር። አርካንሳስ የኩፍኝ ክትባት ያልወሰደ ልጅ ትምህርት ቤት እንዳይገባ ትከለክላለች፤ ቀደም ብላም የክትባት ዘመቻ አካሂዳ ነበር። በቴክሳስ በኩል በወቅቱ እንዲህ ያለ ግዴታ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ቴክሳርካና «ሕግ ይሠራል» ለሚሉ ወገኖች ዋና ማስረጃ ሆነች። ግን ግዴታ በተጣለ ቁጥር ሌላ ጥያቄ ተከትሎት ይመጣል። ከግዴታው ነፃ የሚሆነው ማን ነው? «ነፃ ነህ» የሚለውስ ማን ነው? ሐኪሙ? ቄሱ? ዳኛው? ወይስ ወላጁ ራሱ? የ200 ዓመት ገደማው ክርክር ቢጨመቅ ይቺን ታክላለች። መልሱን አብዛኛውን ጊዜ የሰጠችው ደግሞ ትልቁ የሕግ አንቀጽ ሳትሆን ትንሿ ፎርም ናት። ፎርሟን ለማስፈረም ስንት ደጅ ይጠናል? ታሪኩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

▪️ ግዴታው ለምን ትምህርት ቤት ላይ ተጣለ?

በ1721 ቦስተን ከተማ ፈንጣጣ ገባ። ኦኔሲመስ የሚባል በባርነት የተያዘ አፍሪካዊ ለጌታው ለፓስተር ኮተን ማዘር አስቀድሞ የነገረው ምስጢር ነበር። በአገሩ ከታማሚ ቁስል መግል ተወስዶ በጤነኛ ሰው ቆዳ ላይ ይከተባል፤ የተከተበው ሰው ቀለል ያለ ሕመም ታሞ ይነሣል፣ ዳግመኛም አይያዝም። ይህ ዘዴ በእኛም አገር እንግዳ አልነበረም። በ1970ዎቹ ፈንጣጣን ለማጥፋት ኢትዮጵያ የገቡ የዘመቻ ሠራተኞች በገጠር ይህንኑ የሚሠሩ ሰዎች አግኝተዋል።

ቦስተን ላይ ዛብዲየል ቦይልስተን የተባለ ሐኪም ነገሩን ሞከረው። ከተከተቡት የሞቱት ከመቶ 2 ገደማ ነበሩ፤ በሽታው በራሱ መንገድ ከያዛቸው የሞቱት ግን ከመቶ 14 ገደማ። ያም ሆኖ ከተማው ተቆጣ፤ በፓስተሩ ቤት መስኮት ቦምብ ተወረወረ። ክትባትና ተቃውሞ ከጥንትም አብረው ነው የተወለዱት።

በ1796 እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ጄነር በላም ፈንጣጣ መከተብ የሰውን ፈንጣጣ እንደሚከላከል አሳየ። ይህ ከድሮው ዘዴ እጅግ ያነሰ አደጋ ያለው ነበር። በ1827 ያቺው ቦስተን ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ የመከተባቸውን ማስረጃ እንዲያቀርቡ ደነገገች። በ1855 ማሳቹሴትስ ይህንኑ በግዛት ደረጃ ሕግ አደረገች፤ ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ናት።

ትምህርት ቤት የተመረጠው በአጋጣሚ አይደለም። ማሳቹሴትስ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1852፣ ልጅን ትምህርት ቤት መላክ ግዴታ አድርጋ ነበር። መንግሥት የሰውን ልጅ በሕግ አስገድዶ ከሌሎች ልጆች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ካስቀመጠው፣ በዚያ ክፍል ውስጥ በሽታ እንዳይይዘው የመጠበቅ ኃላፊነትም ይመጣበታል። የትምህርት ግዴታና የክትባት ግዴታ እንዲህ ተያይዘው አደጉ።

▪️ እንግሊዝ፦ የዳኞች ደጅ

ከግዴታ ነፃ መሆን በኅሊና ምክንያት ሕጋዊ መልክ የያዘው በጄነር አገር ነው። በ1853 የእንግሊዝ ፓርላማ ማንኛውም ሕፃን በተወለደ በ3 ወር ውስጥ እንዲከተብ አዘዘ። በ1867 ሕጉ ጠበቀ፤ ልጁን ያላስከተበ ወላጅ አንዴ ተቀጥቶ የሚተው ሳይሆን ደጋግሞ የሚቀጣ ሆነ። ሀብታሙ ቅጣቱን ከፍሎ ይሄዳል። ድሃው ግን የቤት ዕቃው በሐራጅ ይሸጥበታል፤ እስር ቤት የገቡም ነበሩ።

ተቃዋሚዎቹ ከመሬት ተነሥተው የጮኹ አልነበሩም። በዚያ ዘመን ክትባት የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሕፃን ክንድ ወደ ሌላው ሕፃን ክንድ እየተወሰደ ነበር። በዚህ መንገድ ቂጥኝን የመሰለ በሽታ የተላለፈባቸው ልጆች ነበሩ። በ1885 ሌስተር በምትባለው የፋብሪካ ከተማ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሰልፍ ወጡ። መንግሥት አጣሪ ኮሚሽን አቋቁሞ ለዓመታት መከረበት።

ውጤቱ የ1898ቱ ሕግ ነው። ከክንድ ወደ ክንድ መከተብ ቀረ። ወላጅም ክትባቱን በኅሊናው የማይቀበለው መሆኑን ካስረዳ ነፃ የሚያደርግ የምስክር ወረቀት እንዲያገኝ ተፈቀደ። «የኅሊና ተቃዋሚ» የሚለው ስያሜ የታወቀው ኋላ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጠብመንጃ አንይዝም ባሉ ሰዎች ነው፤ ወደ እንግሊዝ ሕግ የገባው ግን በክትባት በር ነው።

ወረቀቱ ግን በነፃ አልተሰጠም። ወላጁ ልጁ በተወለደ በ4 ወር ውስጥ ሁለት ዳኞች ፊት ቀርቦ ተቃውሞው እውነተኛ መሆኑን ማሳመን ነበረበት። አንዳንዱ ዳኛ ይሰማል፤ አንዳንዱ ያፌዛል፤ አንዳንዱ ጭራሽ አልሰጥም ይላል። ያም ሆኖ 1898 ሳያልቅ ከ200,000 በላይ ወረቀቶች ተሰጡ።

በ1907 ሕጉ እንደገና ተሻሻለ። ዳኛ ማሳመን ቀረ፤ ወላጁ በሕግ ፊት የተረጋገጠ የእምነት ቃሉን ፈርሞ ማቅረቡ በቂ ሆነ። የነፃዎቹ ቁጥር በፍጥነት አሻቀበ። ግዴታው ለስሙ እየቀጠለ ከውስጥ ቦርቡሮ አለቀና በ1948 ጨርሶ ተሻረ።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ከ1898 እስከ 1907 የእንግሊዝ ወላጆች ኅሊና አልተለወጠም። የተለወጠው የደጁ ርዝመት ነው።

▪️ የፓስተሩ 5 ዶላር

በ1902 ፈንጣጣ ማሳቹሴትስን ሲያሰጋ የካምብሪጅ ከተማ የጤና ቦርድ ነዋሪው ሁሉ እንዲከተብ አዘዘ። ሄኒንግ ጃኮብሰን የተባለ ከስዊድን የመጣ ፓስተር እምቢ አለ። በልጅነቱ ተከትቦ ክፉኛ ታሞ እንደነበር፣ ልጁንም እንዲሁ እንደጎዳው ተናገረ። 5 ዶላር ተቀጣ። አልከፍልም ብሎ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ።

በ1905 ፍርድ ቤቱ 7 ለ2 በሆነ ድምፅ ፈረደበት። ዳኛ ጆን ማርሻል ሃርላን የጻፉት ፍርድ ዋና ሐሳብ፣ በኅብረተሰብ ውስጥ የሚኖር ሰው ነፃነቱ ገደብ የሌለው ሊሆን አይችልም፤ መንግሥት ሌላውን ከአደጋ ለመጠበቅ ምክንያታዊ ግዴታ መጣል ይችላል የሚል ነው።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው የዚህ ፍርድ ሌላው ገጽ ነው። የማሳቹሴትስ ሕግ ለክትባት ብቁ እንዳልሆኑ ሐኪም የመሰከረላቸውን ልጆች ነፃ ያደርግ ነበር። ፍርድ ቤቱም ክትባቱ ጤናውን በእርግጥ የሚጎዳበትን ሰው አስገድዶ መከተብ ጭካኔ እንደሚሆን፣ ሕጉ እንደዚያ ሊተረጎም እንደማይገባ ጻፈ። ስለዚህ የመጀመሪያውና ጥንታዊው ነፃ የመሆን ምክንያት ይህ ነው፦ ሰውነቱ ክትባቱን የማይችል ልጅ። የቀሩት ሁሉ ከዚህ በኋላ የመጡ ናቸው።

በ1922 ደግሞ ከሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ፣ የመጣ ክስ ነበር። ያልተከተበች ተማሪ ከትምህርት ቤት ተባረረች፤ ቤተሰቧም ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ከተማዋ መብት አላት አለ። ከዚህ በኋላ የትምህርት ቤት የክትባት ግዴታ በሕግ በኩል መሠረቱ ጸና።

የተቃዋሚዎቹ ሥጋት ግን ባዶ ፍርሃት እንዳልነበረ ከ5 ዓመት በኋላ ታየ። በ1927 ያው ፍርድ ቤት ቨርጂኒያ «አእምሯቸው ደካማ ነው» የምትላቸውን ሰዎች እንዳይወልዱ በግድ እንድታመክን ፈቀደ። ዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ ለዚህ እንደ መሠረት የጠቀሱት የፓስተር ጃኮብሰንን መዝገብ ነበር። ለክትባት የተሰጠ ሥልጣን ለሌላ ክፉ ሥራ መንገድ ሆነ። መንግሥት በሰው አካል ላይ «ለጋራ ጥቅም» ሲል ስንት ርቀት መሄድ ይችላል የሚለው ጥያቄ ዛሬም የሚያስፈራው በዚህ የተነሣ ነው።

▪️ እምነቱን ማን ይመዝነው?

በ1955 የፖሊዮ፣ በ1963 የኩፍኝ ክትባት መጣ። ከክትባቱ በፊት አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ሰው በኩፍኝ እንደሚያዝ ይገመታል፤ ከ400 እስከ 500 የሚሆኑት ይሞቱ ነበር። አዲሶቹ ክትባቶች በየግዛቱ የትምህርት ቤት መግቢያ ሕግ ውስጥ መግባት ሲጀምሩ፣ በሽታን በጸሎት እንጂ በመድኃኒት አንፈውስም የሚሉ የእምነት ድርጅቶች ወደ ምክር ቤቶች ሄዱ። በዚህ ረገድ ጠንክሮ የሠራው ዋና መሥሪያ ቤቱ ቦስተን የሆነው የክርስቲያን ሳይንስ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ኒው ዮርክ በ1966 የፖሊዮን ክትባት ግዴታ ስታደርግ ለታወቁ የሃይማኖት ድርጅቶች አባላት በር ከፈተች። ሌሎችም ግዛቶች ተመሳሳይ አንቀጽ አስገቡ። ለሕግ አውጪዎቹ ነገሩ ቀላል ስምምነት ነበር፦ ጥቂቶችን ተዉ፣ ብዙኃኑን ከትቡ።

ስምምነቱ ግን ፍርድ ቤት ሲደርስ ፈረሰ። ሕገ መንግሥቱ መንግሥት አንዱን ሃይማኖት ከሌላው እንዳያስበልጥ ይከለክላል። ታዲያ «የታወቀ ሃይማኖት» አባል የሆነውን ነፃ አድርጎ፣ ቤቱ ተቀምጦ በራሱ መንገድ የሚያምነውን ማስገደድ እንዴት ይቻላል? በ1971 የማሳቹሴትስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ በ1987 በኒው ዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት ይህን ልዩነት ውድቅ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው «እምነቴ ነው» ካለ፣ እምነቱን የሚመዝን ሚዛን የለም። የትምህርት ቤት ጸሐፊ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ የሰውን ልብ መመርመር አትችልም።

ሚሲሲፒ ሌላ መንገድ ያዘች። በ1979 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሃይማኖት አንቀጹን ጭራሽ ሰረዘው። ምክንያቱ ደግሞ እኩልነት ነው። የሃይማኖት ተቃውሞ የሌላቸው ወላጆች ልጆች፣ ነፃ የተደረጉት ልጆች ለሚያመጡት አደጋ መጋለጥ የለባቸውም አለ። በሌላ አነጋገር፣ ነፃ የመሆን ዋጋ የሚከፈለው ነፃ በሆነው ልጅ ብቻ አይደለም፤ አጠገቡ የተቀመጠው ልጅም ይከፍላል። ብዙዎች ድሃና ኋላ ቀር የሚሏት ሚሲሲፒ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት በአሜሪካ ከፍተኛ የክትባት ሽፋን ካላቸው ግዛቶች አንዷ ሆና ቆየች።

የሌላኛው መንገድ ዋጋ በ1991 ፊላደልፊያ ላይ ታየ። የሕክምና ዕርዳታን በሙሉ የማይቀበሉ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ኩፍኝ ገባ። በዚያ ወረርሽኝ በከተማዋ 9 ሕፃናት ሞቱ፤ አብዛኞቹ የእነዚያ አማኞች ልጆች ነበሩ። በመጨረሻ ከተማዋ ፍርድ ቤት ሄዳ አንዳንዶቹን ልጆች በዳኛ ትእዛዝ አስከተበች።

▪️ «አልፈልግም» ምክንያት ሲሆን

በ1980 ላይ 50ዎቹም ግዛቶች የትምህርት ቤት የክትባት ሕግ ነበራቸው። ከሃይማኖት ሌላ «የግል እምነት» ወይም «ኅሊና» የሚል አንቀጽ የጨመሩም ብዙ ነበሩ። ልዩነቱ ያለው አፈጻጸሙ ላይ ነው። አንዱ ግዛት ወላጁ ከጤና ባለሙያ ጋር ተነጋግሮ እንዲመጣ ይጠይቃል፤ ሌላው በኖተሪ ፊት የተፈረመ ቃለ መሐላ ይፈልጋል፤ ሌላው ዘንድ ደግሞ በምዝገባ ቀን ቅጽ ላይ አንድ ፊርማ ማኖር ይበቃል። ለአምስት ልጆች እናት፣ ሥራ አስፈቅዳ ለመጣች ሴት፣ ክሊኒክ ቀጠሮ ከመያዝ ይልቅ መፈረሙ ይቀልላታል። ተቃውሞ ሳይኖራት ተቃዋሚ ሆና ትመዘገባለች።

በ2006 የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ በቁጥር አሳየ። ነፃ መሆን በሚቀልባቸው ግዛቶች የትክትክ በሽታ በግማሽ ያህል በልጦ ተገኘ።

በዚህ ላይ ፍርሃት ተጨመረ። በ1998 እንግሊዛዊው ሐኪም አንድሩ ዌክፊልድ በ12 ልጆች ላይ ተመሥርቶ የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር የሚያገናኝ ጽሑፍ ላንሴት በተባለው መጽሔት አወጣ። በኋላ በብዙ አገሮች የተደረጉ ትልልቅ ጥናቶች ግንኙነት እንደሌለ አሳዩ፤ መጽሔቱም በ2010 ጽሑፉን ሰረዘ። ወሬው ግን አልተሰረዘም።

ወሬው ከደረሰባቸው ማኅበረሰቦች አንዱ ከቀጣናችን የሄዱት ናቸው። ሚኒሶታ ከሶማሊያና ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ ቤተሰቦች የሚኖሩባት ግዛት ናት። በ2004 በዚያ ከተወለዱ የሶማሌ ቤተሰብ የ2 ዓመት ልጆች ውስጥ የኩፍኝ ክትባት የወሰዱት ከመቶ 92 ገደማ ነበሩ፤ ከነጮቹ ልጆች አያንሱም። በኦቲዝም ወሬ የተጨነቁ እናቶች ክትባቱን ማዘግየት ጀመሩ። ዌክፊልድ ራሱ ሚኒያፖሊስ ድረስ መጥቶ አነጋገራቸው። በ2014 ቁጥሩ ከመቶ ወደ 42 ገደማ ወረደ። በ2017 በተነሣው ወረርሽኝ 75 ሰዎች ታመሙ፤ አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሌ ልጆች ነበሩ። በአገራቸው ኩፍኝ ልጅ ሲቀጥፍ ያዩ ሰዎች፣ ልጅ በኩፍኝ የማይሞትበት አገር ገብተው፣ በወሬ ተመልሰው እዚያው ገቡ። ነገሩን ያበረደው ማስፈራራት አልነበረም። ኢማሞች፣ የማኅበረሰቡ ሐኪሞችና ቋንቋቸውን የሚናገሩ የጤና ሠራተኞች ቤት ለቤት እየሄዱ ማነጋገራቸው ነው።

▪️ ካሊፎርኒያ፦ በሩ ሲዘጋ መስኮቱ

በ2014 መጨረሻ በካሊፎርኒያው የዲዝኒላንድ መዝናኛ የጀመረ ኩፍኝ ከ100 በላይ ሰዎችን ያዘ። በዚያን ጊዜ ግዛቲቱ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ከሚገቡ ልጆች ከመቶ 3 ገደማ በግል እምነት ነፃ የተደረጉ ነበሩ። 3 ከመቶ ትንሽ ይመስላል። ችግሩ ያልተከተቡት ልጆች በእኩል ተበትነው አለመኖራቸው ነው። አንድ ሠፈር፣ አንድ ትምህርት ቤት ላይ ይከማቻሉ። ኩፍኝ ደግሞ ከመቶ 95ቱ ካልተከተበ የማይቆም፣ ታማሚው ክፍሉን ለቆ ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ 2 ሰዓት አየር ላይ የሚቆይ በሽታ ነው።

በ2015 የሕፃናት ሐኪም የነበሩት ሴናተር ሪቻርድ ፓን ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ያቀረቡት ሕግ ጸደቀ። የግል እምነትም የሃይማኖትም ምክንያት ቀረ፤ የሕክምና ምክንያት ብቻ ተተወ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሙሉ ክትባት ይዘው መዋዕለ ሕፃናት የሚገቡት ልጆች ከመቶ 90 ገደማ ወደ ከመቶ 95 በላይ ከፍ አሉ።

ግን ወዲያው ሌላ ነገር ታየ። በሕክምና ምክንያት ነፃ የሚደረጉት ልጆች ከመቶ 0.2 ተነሥተው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሦስትና አራት እጥፍ ሆኑ። የልጆቹ ሰውነት በድንገት አልተዳከመም። ገንዘብ እየተቀበሉ በቀላሉ የሚፈርሙ ሐኪሞች ተገኝተው ነው። ግዛቲቱ በ2019 ሌላ ሕግ አወጣች፤ በዓመት 5 እና ከዚያ በላይ ነፃ የሚያደርግ ወረቀት የሚሰጥ ሐኪም እንዲመረመር ተደረገ።

በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ከተማ ብሩክሊን ውስጥ ከ600 በላይ ሰዎች በኩፍኝ ሲያዙ የኒው ዮርክ ግዛት የሃይማኖት አንቀጹን ሰረዘች። በዚያን ጊዜ በዚህ አንቀጽ ነፃ የተደረጉት ተማሪዎች ወደ 26,000 ይጠጉ ነበር። ሜይን በዚያው በ2019፣ ኮኔቲከት ደግሞ በ2021 ተመሳሳይ እርምጃ ወሰዱ።

▪️ ነፋሱ ሲዞር

ከኮቪድ በኋላ ነፋሱ ዞረ። በወረርሽኙ ዘመን የተጣሉ ገደቦችና ግዴታዎች ያስቆጡት ሰው ቁጣውን ወደ ድሮዎቹ የልጆች ክትባቶች አዞረው። በ2023 የፌዴራል ዳኛ ሚሲሲፒ የሃይማኖት በር እንድትከፍት አዘዘ፤ የ1979ኙ ፍርድ ከ44 ዓመት በኋላ ተቀለበሰ። በ2025 መጀመሪያ የዌስት ቨርጂኒያ አገረ ገዥ ተመሳሳይ ትእዛዝ አወጡ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተንከራተተ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የፍሎሪዳ የጤና ኃላፊ የትምህርት ቤት የክትባት ግዴታን በሙሉ ለማንሣት እንደሚሠሩ አስታወቁ።

ቴክሳስ ደግሞ የኅሊና ምክንያትን ከተቀበለች ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታል። በ2025 መጀመሪያ በምዕራብ ቴክሳስ ጌንስ ካውንቲ ኩፍኝ ተነሣ። በዚያ ካውንቲ ነፃ የተደረጉት ተማሪዎች ከመቶ 10 ይበልጡ ነበር። ወረርሽኙ ነሐሴ ላይ ማብቃቱ እስኪታወጅ ድረስ በቴክሳስ 762 ሰዎች ታመው ሁለት ያልተከተቡ ልጆች ሞቱ። ጤነኛ ልጆች ነበሩ፤ ሌላ የሚታወቅ በሽታ አልነበረባቸውም። በአሜሪካ ሰው በኩፍኝ ሲሞት ከ10 ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

የቴክሳስ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ፎርሙ ላይ አንድ ለውጥ አደረገ። ከዚያ በፊት ወላጁ ፎርሙን ከግዛቱ የጤና መሥሪያ ቤት ጠይቆ በፖስታ መጠበቅ ነበረበት። ከመስከረም 2025 ጀምሮ ከኢንተርኔት አውርዶ ማተም ይችላል። የእንግሊዝ የ1907 ታሪክ በሌላ አህጉር ተደገመ፤ ደጁ አጠረ።

በ2024 እና 2025 የትምህርት ዘመን በመላ አሜሪካ መዋዕለ ሕፃናት ከገቡት ልጆች ከመቶ 3.6ቱ ቢያንስ ከአንድ ክትባት ነፃ ተደርገዋል። የኩፍኝ ክትባት ሽፋን ከኮቪድ በፊት ከነበረበት ከመቶ 95.2 ወደ 92.5 ወርዷል። በ2025 የታየው የኩፍኝ ታማሚ ቁጥር ከ1992 ወዲህ ከፍተኛው ነው።

▪️ የተረሳው ልጅ

ከግዴታ ነፃ የመሆን ሕግ ጨርሶ መጥፋት አለበት የሚል ትምህርት ከዚህ ታሪክ አይወጣም። የእንግሊዝ ድሃ ወላጆች የተበደሉት ግዴታው በር ስላልነበረው ነው። የ1927ቱ ፍርድ ገደብ የሌለው ሥልጣን የት እንደሚያደርስ አሳይቷል። በር የሌለው ግዴታ ሰውን ያሳምፃል።

ግን በሩ መጀመሪያ የተከፈተው ለማን ነበር? ሐኪም «ይህ ልጅ አይችልም» ላለለት ልጅ ነው። ዛሬም ይህ ልጅ አለ። የደም ካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ተማሪ የኩፍኝ ክትባት መውሰድ አይችልም፤ ክትባቱ ሕያው ቫይረስ የያዘ ስለሆነ መከላከያው በደከመ ሰውነት ላይ አደጋ ነው። ኩፍኝ ከያዘው ደግሞ ከማንም በላይ የሚሞተው እሱ ነው። ያለው መከላከያ አንድ ብቻ ነው፤ በግራና በቀኝ የተቀመጡት ልጆች መከተባቸው። ዓመቱን ሙሉ ትምህርት ቤት መዋሉ በእነሱ ክንድ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

አንድ ወላጅ በአንድ ፊርማ ሲወጣ ብዙ ለውጥ አይመጣም። ሃያኛው ወላጅ ሲወጣ ግን ያ ልጅ ቤቱ ይቀመጣል። ለእሱ ተብሎ በተከፈተው በር ሌሎች እየተጋፉ ሲወጡ ውጭ የሚቀረው እሱ ይሆናል።

ለዚህ ነው የፎርሙ ነገር የጸሐፊ ጉዳይ ብቻ ያልሆነው። ከሐኪም ጋር የግማሽ ሰዓት ንግግር፣ በኖተሪ ፊት የሚሰጥ ቃል፣ በየዓመቱ የሚታደስ ፊርማ፤ እነዚህ ከልቡ የሚቃወመውን ወላጅ አይከለክሉትም። የሚያስቀሩት ተቃውሞ የሌለውን፣ ቀጠሮ ለመያዝ ያልተመቸውን፣ ወሬ ሰምቶ የፈራውንና የሚያነጋግረው ያጣውን ነው። እንዲህ ያለው ወላጅ ከሁሉም ይበዛል።

ዲሞ በምትባል የባሌ መንደር በ1976 ነሐሴ ላይ የኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ ተመዘገበ። በቀጣዩ ዓመት ሶማሊያ መርካ ላይ በተፈጥሮ የተያዘው የዓለም የመጨረሻው ሰው ዳነ። ከዚያ ወዲህ ለፈንጣጣ ክትባት ነፃ የሚያደርግ ፎርም የጠየቀ ተማሪ የለም፤ በሽታው ጠፍቷልና። ጃኮብሰን 5 ዶላር አልከፍልም ያለበት፣ የሌስተር ሕዝብ የተሰለፈበት ክርክር በዚህ መንገድ ተቋጨ። የኩፍኝ ክርክር ግን ገና ነው፤ እስኪቋጭ ድረስ የቴክሳርካናዋ ጎዳና በየትምህርት ቤቱ መሐል ታልፋለች።